ማሲ ፈርጉሰን 135፦ ካምቢዮው ውስጥ ምን ዘይት ይግባ?

የኢተያው

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ድሮ ከመንግሥት እርሻ በጨረታ የገዛው ማሲ ፈርጉሰን 135 አለን። ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ነው፣ እስካሁን በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ችግሩ ከኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት ሊፍቱ ማረሻውን ለማንሳት ይለግማል። ፀሐይ ወጥቶ ትንሽ ከሠራ በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ዘይቱን መለኪያው ላይ ሳየው ደግሞ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል።

መቀየር አለበት፣ እሱ ላይ ተስማምተናል። ግን በምን? መካኒካችን «ዘጠና ነው፣ ሌላ አትስማ» ብሎ 20 ሊትር ዘጠና ቁጥር የማርሽ ዘይት አስገዝቶኛል። ዘይት ሻጩ የትራክተር ዘይት ራሱን የቻለ ነው ይላል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። አባቴ ከነጭራሹ «ያለው ላይ ጨምርበት» ባይ ነው። የሰኔ እርሻ ሳይደርስብኝ የምታውቁ ንገሩኝ።

ከመተሐራ

ወንድም፣ ዘጠናህን አስገባና ተገላገል። እኛ እዚህ ያለው ማሲ ስንት ዘመን ዘጠና ሲጠጣ ኖሯል፣ ሊፍቱም ማርሹም ሰላም ነው። የትራክተር ዘይት የሚሉት ዋጋ ለመቆለል ነው።

አሮጌ መፍቻ

የመተሐራው ወንድሜ ያለው ውሸት አይደለም። መተሐራ ላይ ዘጠና ገና ሞተሩ ሳይነሳ ቀጥኖ ነው የሚያድረው። ኢተያ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ጠዋት ዘጠናውን ከጀሪካን ለማንቆርቆር ሞክር እስቲ፣ ምን ያህል እንደሚያስለፋህ ታያለህ። ፓምፑም እንደዚያው ነው የሚለፋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 135 ላይ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉና ሃይድሮሊኩ የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው። ለሃይድሮሊክ የተለየ ታንከር የለውም። ፓምፑ ራሱ ትራክተሩ ሆድ ውስጥ፣ እዚያው ዘይቱ ውስጥ ተነክሮ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ማርሽህን የሚያለሰልሰው ዘይት ነው ማረሻህንም የሚያነሳው። የማርሽ ጥርስ ወፍራም ዘይት ቢሰጡት ደስ ይለዋል። ፓምፕ ግን ወፍራም ዘይት በብርድ መምጠጥ ያቅተዋል። ሊፍትህ ጠዋት እየለገመ ረፋዱ ላይ የሚስተካከለው ለዚህ ይመስለኛል። ፓምፑ ያለቀ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ጊዜ የሚብሰው ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ነበር።

ከመግዛትህ በፊት ግን ዳሽቦርዱን እይልኝ። ከማርሽ ዘንጎቹ ሌላ፣ ከፍና ዝቅ የምትል ትንሽ ዘንግ አለች? ካለች መልቲ ፓወር (እያንዳንዱን ማርሽ ከፍተኛና ዝቅተኛ አድርጎ የሚከፍል) ያለው ነው። በዘይት ግፊት የሚይዝ የራሱ ፍሪሲዮን ውስጡ ስላለው ወፍራም ዘይት ጭራሽ አይሆነውም። (መልቲ ፓወር ያላችሁ ሌሎችም ስሙኝማ፦ ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ ቁልቁለት አትውረዱ። ሞተሩ አይዘውም፣ በነፃ ነው የሚንከባለለው። የተጫነ ጋሪ ከጎተተማ እግዜር ያውጣችሁ።)

መልቲ ፓወር ኖረውም አልኖረውም፣ እኔ ብሆን የማስገባው ዩቲቲኦ የሚባለውን የትራክተር ዘይት ነው፣ 10ደብሊው-30። ጀሪካኑ ላይ ማሲ ፈርጉሰን ኤም 1135፣ ወይም ከሱ በኋላ የመጡትን ኤም 1143 እና ኤም 1145 የሚል ጽሑፍ ፈልግ። የዘይቱን ብራንድ ተወው፣ ቁጥሩ ይኑር እንጂ የማንም ይሁን። ወደ 30 ሊትር ይፈጃል፣ መጨረሻውን ግን መለኪያው ይንገርህ።

መካኒክህ «30 ቁጥር ለማርሽ ቀጭን ነው» እንደሚልህ አውቃለሁ። የማርሽ ዘይትና የሞተር ዘይት ቁጥር መለኪያቸው ለየቅል ነው። የማርሽ 90 ውፍረቱ የሞተር 40 ወይም 50 ያህል ቢሆን ነው። የማርሽ 80 ደግሞ ከሞተር 20 እና 30 ጋር ይቀራረባል። ይህ የትራክተር ዘይት የሚለካው በሞተሩ ቁጥር ስለሆነ፣ ልዩነቱ ጀሪካኑ ላይ እንደሚታየው የሰማይና የምድር አይደለም።

የገዛኸው ዘጠና ላይ ጂኤል-4 ነው ወይስ ጂኤል-5 የሚለው? (የማርሽ ዘይት ደረጃ ነው።) ጂኤል-5 ከሆነ እዚያ ካምቢዮ ውስጥ አታስገባው። ጥርስ እንዳይፋጭ ብለው የሚጨምሩበት የድኝና የፎስፈረስ ቅመም በርከት ያለ ነው፣ በሙቀት ነሐስ ነሐሱን ይበላል። የዛሬዎቹ ተሻሽለዋል፣ ሁሉም አንድ አይደሉም። ግን በአሮጌ ማሲ ላይ ማን ቁማር ይጫወታል?

የአባትህን ነገር በአክብሮት ልለፈው። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል፣ አዲስ ቢጨምሩበት አዲሱንም ያበላሸዋል። ውሃው የሚገባው ብዙ ጊዜ በማርሽ ዘንጎቹ ሥር ባለው ጎማ ነው። ተሰንጥቆ እንደሆነ እየው፤ ትራክተሩ ዝናብ ላይ የሚያድር ከሆነ ያን ሳትቀይር ዘይት ብትቀይር ክረምቱ አያሳልፍህም። ስትደፋው ደግሞ እንዲህ አድርግ። ትራክተሩ ሳይነቃነቅ ይደር። ጠዋት ሞተር ሳታስነሳ የታችኛውን ብሎን ጥቂት ዙር ብቻ አላላ። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃው ነው። ጥቁር ዘይት ሲመጣ መልሰህ አጥብቅ፣ ትንሽ ነድተህ አሙቀው፣ ከዚያ ሙሉውን ድፋ። መድፊያ ብሎኑ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ከካምቢዮውም ሥር ከኋላውም ሥር እየዞርክ ፈልግ፤ አንዱን ብቻ ከፍቶ «ጨረስኩ» የሚል መካኒክ ሞልቷል።

ከመተሐራ

ውፍረቱ ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። የዋጋው ላይ ግን አልሰጥም!

የኢተያው

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ትንሿ ዘንግ የለችም፣ ወደፊት 6 ማርሽ ብቻ ነው ያለው። እንዳሉኝ አሳድሬ ብሎኑን ሳላላው ውሃው መጀመሪያ ጠራ ብሎ ወረደ፣ ከዚያ ቡናማ ሆነ። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ «ጨምርበት» የሚል ቃል አልወጣውም። የማርሽ ዘንጉ ጎማ ደግሞ ተበጣጥሶ አልቋል።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። የጎን ክዳኑን ስከፍተው ሥሩ ላይ እንደ ጭቃ ያለ ዝቃጭ አለ። መካኒኩ ናፍጣ ሞልተን ሞተሩን እናስነሳው፣ ያጥበዋል ይላል። ደግሞስ ያ 20 ሊትር ዘጠና ምን ይሁን? ጂኤል-4 ነው።

አሮጌ መፍቻ

ናፍጣ ብቻውን ሞልታችሁ አታስነሱት። ያ ፓምፕ የሚለሰልሰው በሚገፋው ዘይት ነው፣ ናፍጣ ደግሞ አያለሰልስም። ክዳኑን ከከፈትክ አይቀር እጅህን አስገብተህ በጨርቅ ጥረገው። ክር የሚለቅ ጨርቅ ግን እንዳይሆን። የክዳኑን ጉዋርኒሲዮን (ማሸጊያ) አዲስ አድርግ።

አዲሱን ስትሞላ ትራክተሩ ሜዳ ላይ ይቁም። አስነሳውና የፒቲኦውን (ከኋላ የሚታሰር መሣሪያ የሚያዞረውን) ማስገቢያ ዘንግ አስገባ፤ እሷ ካልገባች ፓምፑም አይዞርም። ሊፍቱን ባዶውን ከፍ ዝቅ እያደረግክ አየሩን አስወጣለት። ከዚያ አጥፋ፣ ለካ፣ የጎደለውን ሙላ። ጥቂት ቀን ከሠራህበት በኋላ መለኪያውን ድጋሚ እየው። እንደገና ወተት ወተት ካለ የቀረ ውሃ አለ ማለት ነው፣ የታችኛውን ብሎን ጠዋት እንደገና አላላው።

ጂኤል-4 ከሆነ ዘጠናው አይባክንም። የመሪው ሳጥን ለብቻው ነው፣ የሚፈልገውም ዘጠና ነው። ብዙ ሰው እሱን ረስቶት ደረቁን ነው የሚነዳው። የሚይዘው ግን ትንሽ ነው። የተረፈውን ለመተሐራው ወንድማችን ሽጥለት፣ ዋጋ አይከራከርህም።