ሪሊዝ (አዲስ ሥሪት የሚለቀቅበት ቀን) በመጣ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ፤ ቴስተሮች እንዴት ትይዙታላችሁ?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቀበሌ 14 ሆኜ ለአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት የክፍያ አፕ ቴስት አደርጋለሁ፤ ማለትም ለደንበኛ ከመለቀቁ በፊት ስህተት እንዳለበት እፈትሻለሁ። ዴቨሎፐሮቹ (ኮዱን የሚጽፉት) ሲዘገዩ የሚቆረጠው የእኔ ጊዜ ነው። ሐሙስ ማታ ያስረክቡኛል፤ አርብ ይለቀቃል። ደንበኛ ችግር ሲገጥመው ግሩፑ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው «ቴስት አልተደረገም እንዴ?» ነው። አሁን አሁን ሌሊት እየነቃሁ ቴሌግራም አያለሁ። ቅዳሜ ጣና ዳር ዓሣ ጥብስ ቀርቦ እንኳ ስልኬን አልለቅም። ሥራውን እወደዋለሁ፤ መልቀቅ አልፈልግም። ምን ላድርግ?

ቴስተር (አዲስ አበባ)፦ አይዞሽ እህቴ። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዳይክስትራ በ1969 እ.ኤ.አ. ነግሮናል፤ ቴስት ባግ (የፕሮግራም ስህተት) መኖሩን ያሳያል እንጂ አለመኖሩን አያረጋግጥም። ስለዚህ «ሁሉም ደህና ነው» ብለሽ አታሳልፊ። ከሪሊዝ በፊት አጭር መልእክት ጻፊ። የእኔ እንዲህ ይላል፦ «ገንዘብ መላክና ቀሪ ሂሳብ ማየት ተፈትሸዋል። ኔትወርክ መሃል ላይ ሲቋረጥ ሂሳቡ ሁለቴ ይቆረጥ እንደሆነ አልተፈተሸም፤ ጊዜ አልበቃም። ይለቀቅ ወይስ ይቆይ?» ማናጀሩን በስሙ ጠርተሽ ላኪለት። ይሉኝታ አይያዝሽ፤ ውሳኔው የእሱ ነው። ጊዜ ሲያጥር ደግሞ ገንዘብ የሚነካውን አስቀድሚ። አፑ ላይ ያለ የቁልፍ (በተን) ቀለም ይቆያል።

ዴቨሎፐር (ባሕር ዳር)፦ ከእኛ ወገን ልናገር። ሐሙስ ማታ ማስረከብ የእኛ ጥፋት ነው። ግን ጥያቄሽን ኮዱ ሳይጻፍ፣ ዕቅድ ስናወጣ አምጪው። ለምሳሌ የልደት ቀን ቅጹ ጳጉሜ 6ን ይቀበላል? ጳጉሜ 6 የምትሆነው በየአራት ዓመቱ ነው፤ በ2015 ነበረች፣ በ2019 ትመጣለች። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ብሎ የፈለገ ሰው አንድ ደንበኛ ያገኛል? ቀድመሽ ከጠየቅሽ እዚያው አስበንበት እንጽፈዋለን። ሐሙስ ማታ ከመጣ ግን አንቺም እኛም አንተኛም።

የአእምሮ ጤና ባለሙያ (ባሕር ዳር)፦ እኔ ስለ እንቅልፉ ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በሥራ ጫና መዛልን በሽታ አላለውም፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ነው ያስቀመጠው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም ማለቅ፣ ሥራው ማስጠላት፣ የሠሩት ሁሉ ከንቱ መምሰል። አንቺ ሥራውን እወደዋለሁ ብለሻል። ደስ ይላል፤ ሳይብስ ያዢው። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር። አስቸኳይ ነገር ካለ በቴሌግራም አይጻፍልሽ፣ ይደወልልሽ፤ ይህን ከቡድኑ ጋር ተስማሙ። እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከዘለቀ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን «ያልፋል» አትበይ፤ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ማናጀሬ መልእክቱን አይቶ ዝም ቢልስ? ልማዱ ነው።

ቴስተር (አዲስ አበባ)፦ ደውዪለት። የተባባላችሁትንም እዚያው ግሩፑ ላይ ጻፊው፦ «በስልክ እንደተነጋገርነው ይለቀቃል።» ስልክም ካላነሳና ጉዳዩ የሰው ገንዘብ ከሆነ፣ ከእሱ በላይ ላለው ኃላፊ አርብ ከመሸ ሳይሆን ጠዋት አሳውቂ።