የፍሪጅ በረዶ መስሪያ ቆመ፤ ሙሉውን ዕቃ መቀየር ግድ ነው?

ባለፍሪጁ፦

ጤና ይስጥልኝ። ፍሪጁ ሁለት በሮቹ ጎን ለጎን የሆኑ፣ በበሩ ላይ ውሃ የሚቀዳበት ዓይነት ነው። በመጀመሪያ በረዶዎቹ እያነሱ፣ መሃላቸውም ባዶ እየሆነ መጣ፤ አሁን ጭራሽ ቆሟል። የሽቦ ክንዱ ወደ ታች ስለወረደ በረዶ መስሪያው በርቷል ማለት ነው። ማሳያው -18 ዲግሪ ይላል። ትሪው ግን ደርቆ ባዶውን ነው። ከበሩ ላይ ውሃ ይወርዳል፣ ከበፊቱ ግን ቀጥኗል። ማጣሪያው ከተቀየረ ከዓመት በላይ ሆኖታል። «በበሩ ውሃ ከመጣ የውሃ ችግር የለም፣ በረዶ መስሪያውን ሙሉውን ቀይር» የሚል ምክር ደርሶኛል። ከመግዛቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

ካቻቢቴ፦

እባክዎ ገና አይግዙ። ትሪው ባዶ መሆኑ ብዙ ነገር ይናገራል። በረዶው ተሠርቶ ከትሪው አልወጣ ብሎ ቢሆን ኖሮ ሞተሩን፣ ማሞቂያውን ወይም ቴርሞስታቱን እንጠረጥር ነበር። የእርስዎ ግን መጀመሪያ አነሰ፣ ቀጥሎ ባዶ ሆነ፤ ይህ ውሃው ቀስ በቀስ እየተቋረጠ መሄዱን ያሳያል። ውሃ ካልደረሰው አዲሱም በረዶ መስሪያ እንደ አሮጌው ደርቆ ይቀመጣል።

የተሰጠዎት ምክርም ልክ አይደለም። በአብዛኞቹ ፍሪጆች ላይ የውሃ ቫልቩ (ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል) አንድ ሆኖ ሁለት ኮይል (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ቫልቩን የሚከፍት የሽቦ ጥቅል) አለው፤ አንዱ ለበሩ፣ ሌላው ለበረዶው። በበሩ ውሃ መምጣቱ የሚያረጋግጠው ውሃ እስከ ቫልቩ መድረሱን ብቻ ነው። የበሩ ውሃ መቅጠኑ ደግሞ ሁለቱ የሚጋሩት መንገድ መጥበቡን ይነግረናል።

ስለዚህ ከማጣሪያው ይጀምሩ። በየ6 ወሩ መቀየር ያለበት ዕቃ ነው። ያለውን አውጥተው የበሩን ውሃ ይሞክሩ፤ አንዳንዱ ፍሪጅ ማጣሪያው ሲወጣ ውሃውን በራሱ ያሳልፋል፣ አንዳንዱ በቦታው የሚገባ ማለፊያ ክዳን ይፈልጋል። ያለ ማጣሪያ ውሃው ከጠነከረ የታፈነው ማጣሪያው ነው። አዲሱን ካስገቡ በኋላ ከ10 እስከ 15 ሊትር ውሃ ቀድተው ይድፉ፤ በውስጡ የቀረው አየርና የከሰል ብናኝ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙር በረዶዎችም አይጠቀሙባቸው።

ለውጥ ከሌለ ወደ ፍሪጁ ጀርባ ይሂዱ። ሶኬቱን ነቅለው፣ የውሃውን መዝጊያ ዘግተው፣ ቱቦውን ከቫልቩ ላይ ይፍቱ። ጫፉን ባልዲ ውስጥ አድርገው መዝጊያውን ለ10 ሴኮንድ ይክፈቱ። የተለመደው 8 በረዶ የሚያወጣው ዓይነት በአንድ ዙር በ7.5 ሴኮንድ ውስጥ 140 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይወስዳል። ቱቦው በ10 ሴኮንድ 200 ሚሊ ሊትር እንኳ ካልሰጠ ጥፋቱ ከፍሪጁ ውጭ ነው፦ የታጠፈ ቱቦ፣ በግማሽ የተከፈተ መዝጊያ፣ ወይም ቧንቧውን በስቶ የሚገጠመው ትንሹ መዝጊያ። ይህ የመጨረሻው ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ በዝገትና በደለል ቶሎ ይደፈናል። ውሃው በደንብ ከመጣ ደግሞ በቫልቩ መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ።

ዜሮ ዲግሪ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ አንድ ቦታ ግን ቀርቷል። ውሃውን ወደ ትሪው የሚያፈሰው ቱቦ ጫፉ ፍሪዘር ውስጥ ነው፣ በበረዶ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል።

ለምን ይደፈናል? ቫልቩ ጥብቅ ብሎ እንዲዘጋ የሚረዳው የውሃው ግፊት ራሱ ነው። ግፊቱ ከ20 ፒኤስአይ (1.4 ባር ገደማ) በታች ሲሆን በሚዘጋበት ቅጽበት በደንብ አይከደንም፣ ጠብ ጠብ ይላል። እያንዳንዱ ጠብታ ቱቦው ጫፍ ላይ በረዶ ይሆንና ቀዳዳውን ያጠበዋል፤ መጨረሻ ላይ ይዘጋዋል። ስለዚህ ደካማ ግፊት የሚጎዳው በሁለት በኩል ነው፣ ውሃውን ያሳንሳል፣ ቫልቩንም ያንጠባጥባል። ፍሪጁ የተገናኘው ከሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ (ውሃን በጣም ረቂቅ በሆነ ሽፋን በግፊት የሚያሳልፍ) ጋር ከሆነ ይህ በተለይ ይታሰብበት፤ ማጣሪያው ከሚገባበት ግፊት አብዛኛውን ያስቀራል።

ለማቅለጥ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ በረዶ መስሪያውን ከግድግዳው የያዙትን ብሎኖች ፈተው ወደ ጎን ያድርጉ፣ ከቱቦው ሥር ፎጣ ያንጥፉ። በሲሪንጅ ሞቅ ያለ (የፈላ ያልሆነ) ውሃ ቱቦው ውስጥ ደጋግመው ይርጩ። የፀጉር ማድረቂያ የሚጠቀሙ ከሆነ በዝቅተኛ ሙቀት፣ አንድ ቦታ ላይ ሳያቆሙ ይሁን፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ውሃ በረጨበት ቦታ ማድረቂያውን አያስጠጉ። በሽቦ ወይም በካቻቢቴ በረዶውን መውጋት ፈጽሞ አይሞከር፣ ቱቦው ይበሳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈተና ከሁሉም ይበልጣል። ሁሉንም መልሰው ሶኬቱን ይሰኩ፣ ክንዱን ግን ወደ ላይ አንስተው በረዶ መስሪያውን ያጥፉ። ከቱቦው ጫፍ ሥር ደረቅ ሶፍት አድርገው ለጥቂት ሰዓታት ይተዉት። ማንም ውሃ ሳያዝ ሶፍቱ ላይ እርጥበት ወይም በረዶ ከተገኘ ቫልቩ ያንጠባጥባል።

ሙቀቱንም በማሳያው ብቻ አይመኑ። ቴርሞሜትር ከፍሪዘሩ ዕቃዎች መሃል አድርገው ያሳድሩ። ቴርሞስታቱ በረዶውን እንዲያስወጣ የሚያዘው ትሪው ወደ -9 ዲግሪ ሲወርድ ነው፤ ፍሪዘሩ ራሱ -10 አካባቢ ከሆነ አንዱ ዙር ማለቂያ የለውም።

ባለፍሪጁ፦

አመሰግናለሁ። ማጣሪያው ሲወጣ የበሩ ውሃ ጠንክሯል፣ አዲስ ገብቷል። ቱቦውም ጫፉ ላይ በበረዶ ጠጥሮ ነበር፣ ቀልጧል። ክንዱ ተነስቶ ሳለ ግን ሶፍቱ ረጥቧል። ቴርሞሜትሩ -18 አሳይቷል። ቫልቩ ይቀየር ወይስ መጀመሪያ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለካ?

ቴስተር፦

ለሚያንጠባጥብ ቫልቭ ቴስተር አይጠቅምም። ኮይሉ ሲቃጠል ቫልቩ ጭራሽ አይከፈትም፤ ማንጠባጠብ የውስጥ ሽፋኑ ጉዳይ ነው። አንድ ማረጋገጫ ብቻ ይቀራል፦ ውሃውን ክፍት ትተው ፍሪጁን ከሶኬት ይንቀሉ። ያለ ኤሌክትሪክም ጠብ ካለ ቫልቩን ይቀይሩ። ሶኬት ላይ ሲሆን ብቻ ጠብ ካለ ግን ትእዛዝ የሚልከውን ክፍል ይፈትሹ።

አዲሱን ሲገዙ በአሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥርና ቮልት ያመሳክሩ። ሽቦዎቹንና ቱቦዎቹን ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፤ የበሩና የበረዶው ሶኬት ከተለዋወጡ ውሃ ለመቅዳት ሲጫኑ ትሪው ይጥለቀለቃል። የፕላስቲክ ቱቦውን ጫፍ በስለት ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፣ እስከ ጥጉ ይግፉት፤ ሰያፍ የተቆረጠ ቱቦ ያፈሳል። ፍሪጁን ወደ ግድግዳው ከመመለስዎ በፊት ውሃውን ከፍተው መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት ይፈትሹ።

የውሃ መጠን ማስተካከያ ብሎን ካለው ለጊዜው አይንኩት። በተለመደው 8 በረዶ በሚያወጣው ዓይነት ላይ ግማሽ ዙር 20 ሚሊ ሊትር ያህል ይለውጣል፤ በደካማ ግፊት ጊዜ ከፍ ያደረገው ሰው ግፊቱ ሲስተካከል ትሪው ሞልቶ ይፈስበትና በመያዣው ያለው በረዶ ተጣብቆ አንድ ድንጋይ ይሆናል።

ተመሳሳይ ችግር ኖሮበት ቱቦው ክፍት፣ ግፊቱም ደህና የሆነለት ሰው ግን ያን ጊዜ ኮይሉን ይለካ፣ ሶኬት ተነቅሎ። በ120 ቮልት ዓይነቶች ከ200 እስከ 500 ኦም ይጠበቃል። በ220 ቮልት ቁጥሩ በብዙ ስለሚበልጥ ሁለቱን ኮይሎች እርስ በርስ ማወዳደር ይሻላል፤ አንዱ ምንም ካላነበበ ተቆርጧል።

ቫልቩ ከተቀየረ በኋላ ክንዱን ወደ ታች መልሰው 24 ሰዓት ይስጡት። ከዚያ በኋላ አንድ ዙር ወደ 90 ደቂቃ ይወስዳል። በዚያው ሳምንት የቱቦውን ጫፍ አንዴ በባትሪ መብራት ይመልከቱ፤ ነጭ ቀለበት ካልጀመረው ቫልቩ በደንብ እየዘጋ ነው።