የዶስ ዘመን የስቶክ ፕሮግራም ኮር አይ ፋይቭ ላይ እምቢ አለኝ፣ እርዱኝ!

የሱቁ ልጅ (ሰኔ 29)፦ ወገኖች፣ ድረሱልኝ! አባቴ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። የዕቃ መዝገቡ በሙሉ ያለው በ1987 ዓ.ም. በተሠራለት ፕሮግራም ውስጥ ነው። ፔንቲየም ኮምፒውተሩ ዛሬ ጠዋት ሞተ። ፋይሎቹን በፍላሽ አውጥቼ አዲሱ ኮር አይ ፋይቭ ላፕቶፕ ላይ ስከፍት «ይህ ፕሮግራም እዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም» ይለኛል። ሻጩ «ፕሮሰሰሩ ሌላ ዘር ነው፣ አሮጌ ፈልግ» አለኝ። ነገ ቆጠራ አለ!

ማሂ፦ ራይት ክሊክ አድርግና ኮምፓቲቢሊቲ ውስጥ ዊንዶውስ 98ን ምረጥ።

የሱቁ ልጅ፦ ሞክሬዋለሁ፣ ያው ነው።

ጎፋ ሰፈር፦ ሶማሌ ተራ ተቀምጠህ መለዋወጫ ቸገረህ? 😄 አይዞህ ወንድሜ፣ መላ አይጠፋም።

ጋሽ ጥገና፦ ልጄ፣ ዊንዶውሱ ስንት ነው? ፕሮግራሙስ የዶስ ነው፣ ከዊንዶውስ በፊት የነበረው በጽሑፍ የሚታዘዝ ሲስተም?

የሱቁ ልጅ፦ ዊንዶውስ 11 ነው ጋሼ። ፕሮግራሙ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ነው፣ በማውስ አይሠራም።

ጋሽ ጥገና፦ እንግዲያው የዶስ ነው። ሻጩ ግን ተሳስቷል፣ ዘሩ አንድ ነው። ኢንቴል 8086 የሚባለውን ፕሮሰሰር ያወጣው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፣ 16 ቢት፤ ቢት ማለት በአንዴ የሚያስተናግደው የመረጃ መጠን ነው። በ1982 ደግሞ 286 መጣ። በ1985 የመጣው 386 ወደ 32 ቢት አደገ፣ ግን አያቱን አልካደም። 8086ን መስሎ የሚሠራበት ልዩ ሞድ ተሰጠው። የዊንዶውስ 95ና 98 የዶስ መስኮት የሚሠራው በዚያ ሞድ ነበር። ያንተ ኮር አይ ፋይቭም የዚያው ቤተሰብ ልጅ ነው።

ማሂ፦ ኮምፓቲቢሊቲ ሞክረሃል ግን? ዊንዶውስ 98 በል።

ቺፕ ወዳድ፦ ጋሼ ልክ ናቸው፣ ግን ዋናው ነገር ቀረ። ወደ 64 ቢት ሲታለፍ ኢንቴል ኢታኒየም የሚባል ፈጽሞ ሌላ ዘር ይዞ መጣ። ተፎካካሪው ኤኤምዲ ግን በ2003 እ.ኤ.አ. የድሮውን ቤተሰብ ራሱን አሳደገው፣ በኋላ ኢንቴልም ተከተለው። ፕሮሰሰሩ በ64 ቢት ሞድ ሲሠራ ግን ያ 8086ን የሚመስልበት ሞድ የለም። ስለዚህ 64 ቢት ዊንዶውስ የ16 ቢት ፕሮግራም አይከፍትም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያለ 64 ቢት አይመጣም። ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ዘር አይደለም።

ጎፋ ሰፈር፦ 32 ቢት ዊንዶውስ 10 ቢጭንስ?

ቺፕ ወዳድ፦ ላፕቶፑ ከተቀበለው ይሠራለታል። ግን ለአንድ ፕሮግራም ብሎ አዲስ ላፕቶፕ ያፍርስ?

አስቱ፦ እኔ ቤትም ይኼው ገጥሞኝ ነበር። ዶስቦክስ ኤክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ አውርደው። የድሮውን ፕሮሰሰር በሶፍትዌር ያስመስላል። ሲ ድራይቭ ላይ ፎልደር ክፈትና የፍላሹን ፋይሎች በሙሉ ገልብጥበት። ዶስቦክሱን ስትከፍት ከላይ «ድራይቭ» የሚል ሜኑ አለ፤ ሲን መርጠህ ያንን ፎልደር አሳየው። ከዚያ «C:» ጽፈህ ኢንተር በል፣ ቀጥሎ የፕሮግራሙን ስም ጽፈህ ኢንተር በል። ቀስ ካለብህ የሲፒዩ ፍጥነቱን ከሜኑው ጨምር።

የሱቁ ልጅ፦ አስቱዬ፣ ተባረኪ! እያወረድኩ ነው። ፕሪንትስ ያደርጋል?

አስቱ፦ ተራው ዶስቦክስ አያደርግም፣ ኤክሱ ያደርጋል። ለዚህ ነው እሱን ያልኩህ።

ጋሽ ጥገና፦ ልጄ፣ ፕሮግራሙን ከመክፈትህ በፊት ፍላሹን ሌላ ቦታ ገልብጥ። ያለህ ቅጂ እሱ ብቻ ነው። የሞተውን ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክም እንዳትጥለው።

ማሂ (ሐምሌ 3)፦ የሱቁ ልጅ፣ ቆጠራው እንዴት ሆነ? ኮምፓቲቢሊቲው ሠራ?

አስቱ (ሐምሌ 6)፦ እኔም እየጠበቅሁ ነው። ፕሪንቱ ካስቸገረህ እዚሁ ጻፍልኝ።