ፍልስፍናን በቀልድ ማስረዳት ቁም ነገሩን ይበላዋል እንዴ?

የጂሬን ልጅ፦
ሰላም ጓዶች። ጅማ ሄርማታ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀበና ቡና ጋ የምንሰበሰብ ስድስት ሰባት ልጆች አለን፣ ግማሾቻችን ፍሬሽማን ላይ ሎጂክ ወስደን በሲ የተገላገልን ነን ሌሎቹ ደሞ ባጃጅ ነጂና ነጋዴ ናቸው። ባለፈው ተራው የኔ ነበርና የጥንቱን የግሪክ ፈላስፋ የዲዮጂንስን ነገርኳቸው፣ ሌላው ፈላስፋ ፕሌቶ ሰው ማለት ላባ የሌለው ባለ ሁለት እግር እንስሳ ነው ሲል ዲዮጂንስ ሆዬ የዶሮ ላባ ልቅም አርጎ ነጭቶ ፕሌቶ ትምህርት ቤት ድረስ ይዟት ሄደና ይኸውላችሁ የፕሌቶ ሰው አለ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፣ ቡና የምታፈላዋ ሳትቀር ጀበናውን ልትደፋው ነበር። በሳምንቱ ምን ነበር ያወራነው ብል አንዱ "ስለ ዶሮ ወጥ" አይለኝም! እና ልተወው ወይስ?

አዌቱ ማዶ፦
ጥፋቱ የቀልዱ አይደለም ወንድሜ፣ ቶሎ አቁመህ ነው። ዶሮዋ ራሷ እኮ ክርክር ናት። ትርጉም ሰጥተህ የማይመለከተው ነገር ከገባበት ትርጉምህ ፈረሰ ማለት ነው፣ ሰውየው በቃል ሳይሆን በዶሮ አፈረሰው። ከዛ "ጥፍሩ ጠፍጣፋ የሆነ" የሚል ጨመሩበት ይባላል፣ እዛች ጋ ስትደርስ "እሺ ይሄንንስ በምን ታፈርሱታላችሁ?" ብለህ ብትለቅላቸው አቦል ላይ የጀመሩት በረካም አይበቃቸውም ነበር።

ዝምተኛው፦
እኔ ግን እፈራለሁ። ሶቅራጥስን ቴአትር ጸሐፊው አሪስቶፋነስ ከክ.ል.በ 423 ኮሜዲ ላይ ቅርጫት ውስጥ አንጠልጥሎ ሳቀበት፣ ከ24 ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ሲቆም ሰው ስለሱ የያዘው ያንን ነበር፣ ፕሌቶ እንደጻፈው ራሱ ሶቅራጥስም አንስቶታል። በሀሳቡ መሳቅና በሰውየው መሳቅ ይለያያል ባይ ነኝ።

ባለ በርጩማ፦
@ዝምተኛው እሱስ ልክ ነህ። እኔ ለፋዘር የግሪክ ተረቱን ጀግና የቴሴውስን መርከብ ላስረዳ ብዬ (አቴናውያን የበሰበሰ ሳንቃዋን እየቀየሩ ያቆዩዋት፣ በኋላ ያቺው መርከብ ናት ወይ የተባለባት) በበርጩማ ጀመርኩ፣ እግሩ ቢቀየር ስል "የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚፈለፈለው፣ የቱን እግር ነው የምትቀይረው?" ብሎ አሳፈረኝ። ወደ ባጃጅ ዞርኩ። ሞተሩ፣ ሸራው፣ ጎማው፣ መሪው ሁሉ ተቀይሮ ታርጋው ብቻ ቢቀር ያችው ባጃጅ ናት? "ሊብሬው በስሜ እስከሆነ አዎ።" እሺ መካኒኩ አሮጌውን እቃ ሰብስቦ ሌላ ባጃጅ ቢገጣጥምበትስ የትኛዋ ነች ያንተ ስለው (ይቺን እንግሊዛዊው ፈላስፋ ሆብስ ነው የጨመራት) ዝም ዝም አለና "መካኒክ እንቀይር" አለኝ። ከዛን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እራት ላይ ራሱ ነው የሚያነሳት።

የጂሬን ልጅ፦
ሃሃሃ ፋዘርን ሰላም በልልኝ። ቅዳሜ ባጃጇን አቀርባታለሁ፣ ችግሩ አንዱ ልጅ ባለፈው ወር ነው ሞተር ያስቀየረው። የሱን ቡና እኔ እከፍላለሁ።