ከቤታችን ጀርባ ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው፣ ሰፈሩ ተቃውሟል፣ ደብዳቤውን እንዴት ልጻፈው?

ትልቋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ። ከቤታችን ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ላይ ባለ አራት ፎቅ ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው ተብሎ ቀያሾች መጥተው ችካል ተክለው ሄዱ። ከዛ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሌላ ወሬ የለውም። ስብሰባ ተጠርቶ አብዛኛው ሰው እዚህ በፍፁም አይሠራም አለና ፊርማ መሰብሰብ ተጀመረ፣ እኔም ፈርሜያለሁ፣ አንቺ መጻፍ ትችያለሽ ተብሎ ደብዳቤውን የማዘጋጀቱ ሥራ ለኔ ተሰጠኝ።

ያሳሰበን ነገር ብዙ ነው። መንገዳችን ጠባብ ነው፣ ሁለት መኪና ከተገናኘ አንዱ ወደኋላ ካልተመለሰ አይተላለፉም፣ ዝናብ ሲጥል ደሞ የሰፈሩ ውሃ በሙሉ የሚወርደው ወደዛ ባዶ ቦታ ነው፣ እናቴ ታማ ሌሊት እንቅልፍ ስለሌላት ቀን ላይ ነው የምታሸልበው እና ያ ሁሉ ልጅ ሲጫወት ስፒከር ሲለቀቅ ምን ልትሆን ነው እያልኩ አስባለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር ስፈርም እጄ ከብዶኛል፣ የሰፈራችን ልጆች አሁን የሚማሩበት ለመድረስ ትልቁን አስፋልት ተሻግረው ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሲሻገሩ አያቸዋለሁ።

ደብዳቤው የሚገባው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ካለ፣ ምን ስትሉ ነው የሰሟችሁ? ምኑስ ልፋት ብቻ ሆኖ ቀረ?

ፊርማ ሰብሳቢ የነበርኩ፦
እህቴ የኛን ልንገርሽና ተማሪበት። እኛም ልክ እንደናንተ ነው የጀመርነው፣ ከመቶ በላይ ሰው ፈርመን "ትምህርት ቤቱን አንፈልግም" ብለን አስገባን። መልሱ አንድ መስመር ነበር፣ ቦታው ለትምህርት አገልግሎት የተመደበ ስለሆነ ጥያቄያችሁን አልተቀበልነውም የሚል። በቃ አለቀ። ከዛ ተሠራ፣ ዋናው በር የት ሆነ መሰለሽ፣ በኛ ጠባብ መንገድ በኩል! በሌላ ጎኑ ሰፊ መንገድ ነበረው እኮ። በኋላ ሄደን ስንጠይቅ ዲዛይኑን የሠራው ሰው "ስለ በሩ ማንም ምንም አላለኝም፣ ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ማዞሩ ከባድ አልነበረም" አለን። ያን ቀን በራሳችን ነው የተናደድኩት፣ ስድስት ወር ሙሉ አይሠራም ስንል አንድ ሰው እንኳ ቁጭ ብሎ ፕላኑን አላየውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሳይት ፕላኑን አግኚ። በሩ የት ነው፣ ሜዳው በየት በኩል ነው፣ መኪና የሚቆመው ውስጥ ነው ወይስ ውጪ፣ ስንት ተማሪ ነው የሚይዘው፣ ፍሳሹ ወዴት ነው የሚሄደው። ችካል ላይ እያለ በሩ ወረቀት ላይ ነው ያለው፣ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ግን ማንም አይሰማሽም።

ጡረተኛው መሐንዲስ፦
የኔ ልጅ፣ ከላይ የጻፈው ትክክል ነው። ትምህርት ቤት መኖሪያ ሰፈር ውስጥ መሆኑ በራሱ ስህተት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1929 ክላረንስ ፔሪ የሚባል አሜሪካዊ ያወጣው የሰፈር ፕላን ሐሳብ ላይ ትምህርት ቤቱ መሐል ላይ ነው የተቀመጠው፣ ልጅ በእግሩ እንዲደርስ፣ ትላልቆቹ መንገዶች ደግሞ በሰፈሩ ዳር ይለፉ እንጂ መሐሉን አይቁረጡት ይላል። ስለዚህ "ሰፈር ውስጥ አይገባም" ብላችሁ ከሄዳችሁ ገና ሳትጀምሩ ተሸንፋችኋል፣ ያንቺ ሰፈር ልጆች አስፋልት የሚሻገሩትም እኮ ትምህርት ቤቱ ሰፈራቸው ውስጥ ስለሌለ ነው።

ውሃውን ግን አጥብቃችሁ ያዙ፣ እኔ ብሆን ደብዳቤውን የምጀምረው በሱ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ጣሪያው፣ ኮንክሪት የለበሰው ግቢና ፓርኪንጉ ተደምሮ 5,000 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 100,000 ሊትር ይሆናል። ዛሬ አብዛኛውን አፈሩ ይጠጣዋል፣ ነገ ሁሉም በአንዴ መውጫ ይፈልጋል፣ ከናንተ በኩል የሚወርደው ደግሞ አጥሩ ጋ ሲደርስ መግቢያ አጥቶ ወደ ቤታችሁ ይመለሳል። ከናንተ የሚመጣውን ውሃ የሚያሳልፍ ቦይ ፕላኑ ላይ ተስሏል ወይ፣ ማጠራቀሚያስ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞ ዝናብ ሲጥል ውሃው የሚሄድበትን በስልክ ቅረጹት፣ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ። ከሃያ ገጽ አቤቱታ ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይበልጣል።

ድምፅ ባለሙያ፦
ስለ ጩኸቱ እኔ ልበል። ድምፅ ከአንድ ቦታ ሲነሳ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ወደ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ይቀንሳል፣ ማለትም ሜዳው ከአጥራችሁ 10 ሜትር ከሚሆን 40 ሜትር ቢሆን 12 ዴሲቤል ያህል ታተርፋላችሁ፣ ለጆሮ ይሄ ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ቀን ላይ ደጅ ያለ ሰው በጣም እንዳይረበሽ 55 ዴሲቤልን ነው ወሰን ያደረገው። አጥር ጥግ ዛፍ ይተከልልን አትበሉ፣ ዛፍ ለዓይን ጥሩ ነው ድምፅ ግን እምብዛም አያቆምም፣ ሜዳውን ከእይታ የሚከልል ድፍን ግንብ ነው የሚያግዛችሁ።

አንድ ምክር ደሞ፣ ደብዳቤው ላይ "የልጆች ጩኸት" የሚል ቃል አታስገቢ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2011 ሕጓን አሻሽላ ከመዋዕለ ሕፃናትና ከመጫወቻ ቦታ የሚመጣ የልጆች ድምፅ በመደበኛው እንደ ጎጂ ጫጫታ እንዳይቆጠር አድርጋለች፣ ቶኪዮም እ.ኤ.አ. በ2015 የትንንሽ ልጆችን ድምፅ ከድምፅ ገደቡ አውጥታለች፣ ሁለቱም ጋ መነሻው የጎረቤት ክስ ነበር። ስፒከር፣ ደወል፣ ጄኔሬተር በሉ። እነዚህ ማሽን ናቸው፣ ይቀነሳሉ፣ ይዞራሉ።

የስድስተኛ ክፍል መምህርት፦
በጣም ልክ ነው። እኔ የማስተምርበት ግቢ አጥሩን ተደግፈው የተሠሩ ቤቶች አሉ፣ ጎረቤት ሲማረር የኖረው በሰልፍ ሰዓት በሚለቀቀው ስፒከር ነው። ወደ ቤቶቹ ዞሮ ነበር የተሰቀለው፣ አንዲት እናት መጥተው አራስ ልጅ እንዳለ በትህትና ነገሩን፣ በዛው ሳምንት ወደ ውስጥ ዞሮ ዝቅ ብሎ ተሰቀለ፣ ከዛ ወዲህ አልመጡም። ሌላው የእረፍት ሰዓት ነው። ሁሉም ክፍል በአንዴ ሲወጣ ግቢው ይናወጣል ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፣ በፈረቃ ሲወጡ ድምፁ ዝቅ ይላል ግን ረጅም ሰዓት ይቆያል። ለእናትሽ የቱ እንደሚሻላት እሷኑ ጠይቂያት፣ ሰዎች ሳይጠይቁ በፈረቃ ይሁን ብለው ጽፈው በኋላ ሲጸጸቱ አይቻለሁ።

አሁንም ተቃዋሚ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም ልጅቷን ወደ መስማማት እየገፋችኋት ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ አይሆንም ማለት ራስ ወዳድነት አይደለም። መሬቱ የጎርፍ መሄጃ ከሆነ፣ ከላይ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ካለፈ፣ ወይ የሚንሸራተት ቁልቁለት ከሆነ፣ እዛ ትምህርት ቤት መሥራት መጀመሪያ የሚጎዳው ተማሪዎቹን ነው። እኛ ሰፈር ያ ባዶ ቦታ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ብቸኛ ሜዳ ነበር፣ ታጠረ፣ አሁን ከትምህርት በኋላ መንገድ ላይ ነው የሚጫወቱት። እና ቢያንስ ሜዳው ከሰዓት በኋላና በእረፍት ቀን ለሰፈሩ ክፍት እንዲሆን በጽሑፍ አስገቡት፣ የቃል ተስፋ ዳይሬክተር ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ፊርማ ሰብሳቢ የነበርኩ፦
@አሁንም ተቃዋሚ የሜዳው ነገር እውነት ነው፣ እኛም ያጣነው እሱን ነው።

የሁለት ተማሪ እናት፦
እኔ በሌላኛው ወገን ነኝ፣ ልጆቼን በየቀኑ የማደርሰው እኔ ነኝ፣ እና መንገዱን የምንዘጋው እኛ ወላጆች ነን፣ ይሄን ማመን አለብኝ። ጠዋት ሃያ ደቂቃ ከሰዓት ሃያ ደቂቃ ነው ግን ያቺ ሰዓት አስፈሪ ናት። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚመጣ መኪና ልጅ አይቶ እስኪቆም ወደ 13 ሜትር ይፈጃል፣ በ50 ሲሆን ወደ 28፣ ልዩነቱ አንድ ልጅ ነው። መኪና ግቢ ውስጥ ገብቶ አውርዶ በሌላ በር እንዲወጣ ጠይቁ። አንዳንድ አገር ደሞ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት መንገዱን ለመኪና ይዘጉታል፣ ወላጅ ራቅ አድርጎ አቁሞ ልጁን በእግሩ ያመጣል፣ ለጠባብ መንገድ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የሰፈሩ ሰው መኪና ግን ይለፍ እንዲኖረው አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ትልቋ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ፕላኑን አገኘሁት! በሩ በኛ ጠባብ መንገድ ነው፣ ሜዳው ደሞ በቀጥታ ከእናቴ መኝታ ቤት ጀርባ፣ ሕንፃው በወዲያኛው በሰፊው መንገድ በኩል። እና ይገለበጥልን ብል ይሻላል? ጋሼ መሐንዲስ እርስዎ ምን ይላሉ?

ጡረተኛው መሐንዲስ፦
በሩ ወደ ሰፊው መንገድ ይዙር፣ እሱ ላይ አታመንቱ። ሕንፃው ወደናንተ ይምጣ ካላችሁ ግን አስቡበት፣ አራት ፎቅ ድምፁን እንደ ግንብ ይከልልላችኋል፣ ግን ፀሐዩንም ይከልላል፣ መስኮቱም ግቢያችሁን ያያል። ካመጣችሁት በናንተ በኩል ያለው ሁለት ፎቅ ብቻ ይሁን፣ ደረጃውና መጋዘኑ በዛ ጎን ይደረግ በሉ።

የግንባታውን ጊዜም አትርሱ፣ ሰው ሁሉ ስላለቀው ትምህርት ቤት ሲጨቃጨቅ መሐል ላይ ያለውን ሁለት ዓመት ይረሳዋል። ገልባጭ መኪና በየትኛው መንገድ ነው የሚገባው፣ ሥራ ስንት ሰዓት ተጀምሮ ስንት ሰዓት ያቆማል፣ አቧራው ውሃ ይረጫል ወይ። ቁፋሮ ሳይጀመር የየቤታችሁን ግድግዳ ፎቶ አንሱ፣ የተሰነጠቀውንም ያልተሰነጠቀውንም፣ በኋላ "ድሮም የነበረ ስንጥቅ ነው" እንዳትባሉ።

የስድስተኛ ክፍል መምህርት፦
አንድ ነገር ብቻ፣ የተሰበሰበው ፊርማ "አይሠራ" ለሚል ጽሑፍ ነው የተፈረመው። ደብዳቤውን ከቀየርሽው ያንን ፊርማ ከአዲሱ ጋር አያይዘሽ እንዳታስገቢ፣ አንድ ሰው እንኳ እኔ ይሄን አልፈረምኩም ካለ ሁሉም ነገር ይበላሻል።

ትልቋ ልጅ፦
ይሄን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። በየቤቱ ዞሬ አዲሱን ረቂቅ እያነበብኩ እንደገና አስፈረምኩ፣ ሦስት ማታ ፈጀ። አብዛኛው ፈረመ። አራት ቤት አንፈርምም፣ ተቃውሟችን አልተቀየረም አሉ፣ የነሱን ሐሳብ በራሳቸው ቃል በሌላ ገጽ ጽፌ አያያዝኩት፣ ስለጠየቅኳቸው ግን ደስ ብሏቸዋል። ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነው፣ አንደኛ ውሃው ከቪዲዮው ጋር፣ ሁለተኛ በሩ፣ ከዛ ስፒከርና ደወል፣ ሜዳው ለሰፈሩ እንዲከፈት፣ መጨረሻ ላይ የግንባታ ሰዓት። እናቴን ስጠይቃት "ልጆቹ በአንዴ ይውጡና ይግቡ፣ እኔ ሰዓቱን ካወቅኩት እተኛለሁ" አለችኝ፣ ስለዚህ ፈረቃውን አላስገባሁትም።

ፊርማ ሰብሳቢ የነበርኩ፦
ጎበዝ። ስታስገቢ ኮፒው ላይ ማኅተምና ቁጥር አስደርጊበት፣ የተቀበለሽን ሰው ስምና ቀኑንም ጻፊ። እኛ ኮፒ አልያዝንም ነበር።

ትልቋ ልጅ፦
ዛሬ ጠዋት ገባ፣ ቁጥሩን ይዣለሁ። መልስ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።