ከናዳ ለተረፈ ሰው የዝናብ ድምፅ ልምምድ፦ በክረምት ልቀጥል?

በጤና ጣቢያ የሥነ ልቦና ድጋፍ እሰጣለሁ። የማግዘው ሰው ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶቹን ሊያወጣ ሲቆፍር ሁለተኛው የደረሰበት ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ሌሊትም ቢሆን ልጆቹን አንጠልጥሎ ይወጣል፤ ደጅ ቆሞ ያነጋል።

ዲያዜፓም የተባለ የሚያረጋጋ መድኃኒት ይወስድ ነበር። ለእንዲህ ያለ ጭንቀት ስለማይመከርና ሱስ ስለሚያስይዝ ሐኪም እየተከታተለው ቀስ በቀስ አቁሟል። በ4 ሰከንድ አየር አስገብቶ በ6 ማስወጣትን ሞከርን፤ ዓይኑን ሲጨፍን የጭቃው ሽታ ይመጣበታል፣ ዓይኑን ገልጦ በሁለት እግሩ መሬቱን ጫን ብሎ ሲረግጥ ግን ይረጋጋል። ቀጥሎ ድምፁን ቀስ በቀስ እንዲለምደው ብዬ የተቀዳ የዝናብ ድምፅ በስልክ ዝቅ አድርጌ አሰማሁት። ፍርሃቱ ከ10 በ6 ጀምሮ 9 ሲደርስ ደንግጬ አጠፋሁት። ስህተቱ የኔ ነው፤ ፍርሃቱ ሳይበርድ ስለተቋረጠ አሁን ስልኩን ሲያይ ራሱ እጁ ይንቀጠቀጣል።

አሁን የተጠለለበት ቤትም ተዳፋት ሥር ነው፤ ፍርሃቱን ሁሉ የበሽታ ምልክት ነው ማለት አልችልም።

እውነተኛው ዝናብ በየቀኑ በሚጥልበት ክረምት የድምፅ ልምምዱን ፍርሃቱ ከ10 ወደ 3 ብቻ በሚደርስበት ዝቅተኛ ድምፅ ጀምሬ ልቀጥል፣ ወይስ ቤት እስኪቀይር በማረጋጋቱ ብቻ ላቆየው?