የካናዳ የፋርማሲ ፈተና አስጨንቆኛል፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖቼ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ባለቤቴ ካናዳ ናት፣ ልትወስደኝ ሂደት ጀምራለች። እዚያ ለመሥራት መጀመሪያ የትምህርት ማስረጃ ይገመገማል። ከዚያ የምዘና ፈተና፣ ቀጥሎ ባለ ሁለት ክፍል የብቃት ፈተና አለ።

ፋርማኮሎጂው (የመድኃኒቶች አሠራር ትምህርቱ) አያስፈራኝም። መለኪያው ነው ያስቸገረኝ። እኛ ስኳር 126 የምንለውን እነሱ 7 ይሉታል፤ ለ18 ማካፈል ነው፣ ይሄ ቀላል። ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ግን የእነሱን ቁጥር ወደ እኛ ለማምጣት ለ88.4 ነው የሚካፈለው። ትናንት ማታ ተረኛ ሆኜ የአንዲት የ60 ዓመት፣ 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት የኩላሊት ጥያቄ ስሠራ፣ በእነሱ መለኪያ 106 የሆነውን ክሬአቲኒኗን ሳልቀይር የኩላሊት አቅም የሚሰላበት ቀመር ውስጥ ከተትኩት። መልሱ ከ1 በታች ወጣ። ትክክለኛው 47 ገደማ ነበር። እውነተኛ ታካሚ ብትሆንስ? እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚህ የባሰው የቃል ምክሩ ነው። በሽተኛ መስሎ ለቀረበ ሰው፣ ሰዓት እየተቆጠረ፣ በእንግሊዝኛ ማስረዳት አለብኝ። እኔ ደግሞ የኖርኩት «እማማ፣ ይቺን ጠዋትና ማታ፣ ምግብ በልተው» እያልኩ ነው።

ያለፋችሁት ይሄን ክፍል እንዴት ተለማመዳችሁት? መለኪያውንስ በምን ለመዳችሁት? ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የምታጠኑ ካላችሁ፣ እሁድ እሁድ ተገናኝተን አንዳችን በሽተኛ፣ አንዳችን ፋርማሲስት ሆነን እንለማመድ። እባካችሁ።